«ምን አገባኝ» የሚለው ሠራተኛ «ያገባኛል» እንዲል ምን እናድርግ?

የቃሊቲዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምጽፈው የምር መልስ ስለምፈልግ ነው።

ቃሊቲ አካባቢ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሚያመርት ፋብሪካ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ሁለት መቶ ገደማ ሠራተኛ አለን፤ በሦስት ፈረቃ ይሠራሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማሽን ሁለት ቀን ሙሉ ቆመብን። መካኒኩ ከፈታው በኋላ «ይሄ የአንድ ቀን ብልሽት አይደለም። ቢያንስ አራት ቀን ሲጮህ ነው የሰነበተው» አለ። ኦፕሬተሮቹን አንድ በአንድ አነጋገርኳቸው። ሦስቱም ድምፁን ሰምተዋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አንደኛው «እኔ ምን አገባኝ? አምና የተናገረው ልጅ ምን እንደደረሰበት አይተናል» አለኝ።

ፋይሉን አወጣሁት። ልጁ አምና «ሞልዱ (የጠርሙሱ ቅርጽ ማውጫ) ተሰንጥቋል» ብሎ ለፎርማኑ ተናግሮ ነበር። ፎርማኑ «አንተ ነህ የሰነጠቅከው» አለው። ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማኅተም የመታሁትም እኔ ነኝ። ልጁን ጠርቼ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም።

መግቢያው ላይ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለን። ቁልፉን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በሰባት ወር ውስጥ የገባው ሦስት ወረቀት ነው። አንዱ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ፣ አንዱ ስለ ሰርቪሱ ማርፈድ። ሦስተኛው «ማንም አያነበውም» ይላል። የተጻፈበት ቀን ከስድስት ወር በፊት ነው። ልክ ነበር፤ ማንም አላነበበውም።

ሥራ አስኪያጃችን የማነቃቂያ ንግግር የሚያደርግ ሰው እንድፈልግ አዞኛል። እኔ ግን ችግሩ የሰዎቹ ስንፍና አይመስለኝም። በየቀኑ አያቸዋለሁ። እባካችሁ፣ በምትሠሩበት ቦታ ሠራተኛ ሳይጠየቅ ወደፊት ወጥቶ እንዲናገር፣ እንዲያስብ ያደረገ አሠራር ካያችሁ ንገሩኝ። በተግባር ያያችሁትን ነው የምፈልገው።

ባለመፍቻው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። እኔ በጥገና ሥራ 17 ዓመት ሆኖኛል። ማሽን ከመሞቱ በፊት ሁልጊዜ ይናገራል። መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ መካኒኩ ሳይሆን አጠገቡ ስምንት ሰዓት የሚቆመው ኦፕሬተር ነው። እኔ እሱ ካልነገረኝ የምደርሰው ለቀብር ነው።

ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት ቦታ አንድ ፎርማን ነበር። በየማሽኑ ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አስቀመጠ። ገጹን በእጁ ሦስት ቦታ ከፈለው። አንደኛው ዓምድ «ምን ታየ?»፣ ሁለተኛው «ማን አየ? መቼ?»፣ ሦስተኛው «ምን ተደረገ?» ፈረቃ ሲቀያየር አሥር ደቂቃ ቆመው ያነቡታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ወጪው የደብተር ዋጋ ነው።

ነፍሱ ያለችው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ አንደኛው ዓምድ ላይ የሚጽፍ ሰው አታገኚም። ሰው አንዴ ይናገራል። መልስ ካጣ ሁለተኛም ይሞክራል። ሦስተኛ ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ ዝምታው ጠባዩ ይመስለናል።

የናንተ ሳጥን ደግሞ ሦስተኛ ዓምድ የለውም። ወረቀቱ ይገባል፤ የገባ ነገር ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ፈረቃ ሦስት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እኔ ማሽን ላይ የምሠራ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ። የኤችአር ሰዎች እንዲህ ሲጠይቁ ሳይ ደስም ይለኛል፣ ይከፋኛልም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐሳባችንን ከመፈለጋችሁ በፊት ደመወዛችንን በትክክል ታሰላላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን አስቀምጧል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት 1.5 እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። እኔ ይሄን በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ የሌሊት ትርፍ ሰዓቴ በቀን ሒሳብ ተሠርቶ ነበር። አራት ጊዜ ቢሮ ሄድኩ። ሌሊት ሠርቼ፣ እንቅልፌን ትቼ፣ ቢሮው እስኪከፈት ቁጭ ብዬ ጠብቄ። አራቱንም ጊዜ «ነገ ነይ» ተባልኩ።

በመጨረሻ ተስተካከለልኝ። ግን እኔ ከዚያ በኋላ ተለወጥኩ። የራሴን ገንዘብ ስጠይቅ የማይሰማኝ ቢሮ ስለ ማሽን ድምፅ ብነግረው ይሰማኛል ብዬ እንዴት ላስብ? ሥራዬን እሠራለሁ። ሰዓቴን አከብራለሁ። ከዚያ ያለፈው ግን የኔ አይደለም ብዬ ወሰንኩ። ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። እባክሽ ይሄን ለአለቃሽ ንገሪልኝ።

ቁጥር ወዳዱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ፈረቃ ሦስት ያነሳችው ነገር ሥር ነው። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የፎርድ ታሪክ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር)። በ1913 የፎርድ መኪና ፋብሪካ የሠራተኛ ፍልሰቱ 370 በመቶ ደርሶ ነበር። አንድን የሥራ ቦታ ሞልቶ ለማቆየት በዓመት ሦስት አራት ሰው መቅጠር ማለት ነው። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን 5 ዶላር አደረገ፤ ከቀድሞው እጥፍ ገደማ። የሥራ ሰዓቱንም ከዘጠኝ ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ። ፍልሰቱ በአንዴ ወረደ። ግን ሙሉውን ለማግኘት የቤት ኑሮህ ጭምር ይመረመር ነበር፤ መርማሪዎች ቤት ድረስ ይመጡ ነበር። ሰዎቹ ሥራቸው ላይ ቆዩ። ሐሳብህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው የኛው አገር ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ ሰዎችን ተከታትለው በ2018 ጥናት አሳትመዋል። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛ ገደማው በመጀመሪያው ወር ለቀዋል። በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት 77 በመቶ ናቸው። ነገ ልልቀቅ ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ ለማሽን ድምፅ አይጨነቅም።

ስለዚህ በኔ እምነት ደመወዝ ሰውን ያቆያል እንጂ አፉን አያስከፍትም። አፉን የሚያስከፍተው ሌላ ነው። ሁለቱ አይተካኩም። ደመወዝ ሳያስተካክሉ ስለ ተነሳሽነት ማውራት ግን ሠራተኛውን መናቅ ነው።

ባለ ወርክሾፕ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ከአሠሪ ወገን የሚናገር ሰው ስለሌለ ልናገር። ሠላሳ ሠራተኛ ያለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ሐሳብ ስጡ ብዬ ሰብስቤያቸው አውቃለሁ። ከሃያው ሐሳብ አሥራ ስምንቱ ደመወዝ ይጨመር፣ ሻይ ይጨመር ነው። ያሠለጠንኳቸው ልጆች ደግሞ በዓመታቸው ከጎኔ ሄደው ይቀጠራሉ። ሁሉንም ልስማ ብል ሥራው መቼ ይሠራል? ይሄን የምለው ተከፍቼ እንጂ ሠራተኛ ጠልቼ አይደለም።

ባለመፍቻው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ወንድሜ ባለ ወርክሾፕ፣ ሁለቱ ቀሪ ሐሳቦችስ ምን ነበሩ? ምን አደረግካቸው?

ባለ ወርክሾፕ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

እውነቱን ለመናገር አንዱን ረስቼዋለሁ። ሌላው የብረት መቁረጫው ወደ በሩ ይጠጋ የሚል ነበር። ጭነት ለማውረድ ያቀላል ብሎ። አላደረግኩትም። የኤሌክትሪክ መስመሩ አይደርስም።

ባለመፍቻው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

መስመሩ እንደማይደርስ ለልጁ ነገርከው?

ባለ ወርክሾፕ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

አልነገርኩትም። ገባኝ።

ከኦክላንድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15

ሰላም ወገኖች። ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው፤ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ከቤቴ በመኪና ሠላሳ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ፍሪሞንት የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ስለነበረ ፋብሪካ ልንገራችሁ፤ የዚህ ውይይት ጉዳይ በሙሉ እዚያ ተፈትኗል። እኔም ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፋብሪካው የጄኔራል ሞተርስ ነበር። በ1982 ተዘጋ። ስሙ የጠፋ ቦታ ነበር። በማንኛውም ቀን ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ከሥራ ይቀር ነበር። ሆን ብለው መኪና የሚያበላሹም ነበሩ። በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና እንደገና ከፈቱት፤ ኑሚ ተባለ። የቀጠሩት ማንን ነው? አብዛኞቹ እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው። ማኅበሩም ያው የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር። ብዙ ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ሰው ቁጥር እጅግ ወረደ፤ የመኪናው ጥራት ጃፓን ውስጥ ከሚሠራው ጋር የሚፎካከር ሆነ።

ሰዎቹ አልተቀየሩም። የተቀየረው አሠራሩ ነው። በቀድሞው ፋብሪካ መኪናው እየተገጣጠመ የሚያልፍበትን መስመር ማቆም የማይታሰብ ነገር ነበር፤ የተበላሸ መኪና ቢያልፍም ይለፍ። በአዲሱ ግን ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ ገመድ ነበር። ችግር ያየ ይጎትታል። ሲጎተት መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። ሲመጣ «ማን አበላሸ?» አይልም። «ምን አገኘህ? ምን ላግዝህ?» ነው የሚለው። ሥራው ለዚያ ጣቢያ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከተስተካከለ መስመሩ አይቆምም። ካልተስተካከለ ይቆማል። ለሥልጠና ጃፓን ተልከው የነበሩ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። እዚያ ያዩት፣ ተራ ሠራተኛ ገመዱን ሲጎትት አለቃው እየሮጠ ሊያግዘው እንደሚመጣ ነው።

ቶዮታ የሠራተኛ ሐሳብ መቀበያ ሥርዓቱን የጀመረው በ1951 ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የመጣ ነገር አይደለም።

እኔ ባለሁበት ሆስፒታልም በየጠዋቱ ቆመን አሥር ደቂቃ እንነጋገራለን። «ትናንት ለጥቂት የተረፍንበት ነገር ምንድን ነው?» ይባላል። እኔ እንደመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን የሁለት በሽተኞችን ብልቃጥ ላቀያይር ለጥቂት ተረፍኩ። ለመናገር ሦስት ቀን ፈራሁ። እኛ አገር ስህተትን መናገር ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ስናገር አለቃዬ አመሰገነችኝ፤ በሳምንቱ የብልቃጦቹ መለያ ቀለም ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን አንድም ነገር ደብቄ አላውቅም።

ጡረተኛው የፐርሶኔል ሰው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ልጄ የቃሊቲዋ፣ በኛ ጊዜ ያንቺ ክፍል «ፐርሶኔል» ነበር የሚባለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ያጠፋሁትን ስላወቅኩት ልንገርሽ።

በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ «እጅግ ጥሩ» የምንሰጠው ለማን ነበር? «አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ» ለምንለው ልጅ። ይሄ በአገራችን የምስጋና ቃል ነው። እኔም በብዙ ደብዳቤ ላይ ጽፌዋለሁ። ቃሉን ግን ልብ ብለሽ ስሚው። አንገቱን የደፋ ሰው ምን ያያል? እጁን ብቻ ነው የሚያየው። የጣሪያውን ማፍሰስ አያይም። የጓደኛውን መድከም አያይም። አንገት መድፋትን ሠላሳ ዓመት ሸልመን፣ ለምን ቀና አትሉም ብለን እንቆጣለን።

ቀና ብሎ የጠየቀውንስ ምን እንለው ነበር? «ነገረኛ»። አንዳንዱን «አሳዳሚ»። በግምገማ ላይ አንዱ ተነስቶ ከተናገረ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድገቱ ሲያልፈው ዓይኔ አይቷል። ሌላው ሁሉ ደግሞ ይህን እያየ ይማራል። ሠራተኛ መመሪያ አንብቦ አይደለም የሚማረው። ማን እንዳደገ፣ ማን እንደተባረረ አይቶ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውዪ። ፋብሪካሽ ውስጥ አፉን የማይከፍተው ሰውዬ በሰፈሩ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል። ድንኳኑ ተቀደደ፣ ድስቱ አነሰ፣ የእገሌ መዋጮ ቀረ ብሎ የሚጨነቀው እሱ ነው። ማንም ደመወዝ አይከፍለውም። ለምን እዚያ ያገባዋል? ሒሳቡ ፊቱ ይነበባል። የተናገረው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። በወሩ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ሰውዬው አንድ ነው። የተለያየው ቤቱ ነው።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። የፋይል መደርደሪያሽ ዘንድ ሂጂና ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ቁጠሪ። ማስጠንቀቂያ ስንት? ምስጋና ስንት? ቁጥሩን ይዘሽ አለቃሽ ዘንድ ግቢ።

የማኅበር ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡45

ጋሼ ጡረተኛው ያሉት እውነት ነው። እኔ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነኝ። ከኛ ወገን ያለውን ልበል።

ብዙ ቦታ ስህተትና ጥፋት አይለዩም። ዕቃ የሰረቀና ቁልፍ ተሳስቶ የነካ በአንድ ቋንቋ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል። የተሰበረ ዕቃ ዋጋ ከደመወዝ የሚቆረጥበት ቦታም አለ። በሕጉ ደመወዝ እንዲሁ በፎርማን ቃል አይቆረጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ተደምሮም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ግን ሕጉን ተዉትና እንደ ሰው አስቡት። «ሰበርኩ» ብሎ ለተናገረ የሚቆረጥበት ከሆነ፣ የሰበረውን ከማሽኑ ሥር ይደብቀዋል። ማሽኑ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ላይ ይፈርሳል።

እኛ በኅብረት ስምምነታችን አንድ አንቀጽ አስገብተናል። በፈረቃው ውስጥ ስህተቱን ራሱ የተናገረ ሠራተኛ በዚያ ስህተት ምክንያት ቅጣት አይደርስበትም። ሆን ብሎ ያጠፋና ሰክሮ የመጣ ግን አይመለከተውም። ለማስገባት ስምንት ወር ተደራድረናል። አሠሪው ሁሉም ያላግጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። የፈራው አልደረሰም።

ካይዘን ያሠለጠንኩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ደብተር፣ ገመድ፣ የጠዋት አሥር ደቂቃ ስትሉ ዝም ማለት አቃተኝ። ይሄ ሁሉ ካይዘን (ሥራን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን አሠራር) ተብሎ አገራችን ገብቷል እኮ። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል። እኔም ድርጅቶችን እየዞርኩ ካሠለጠኑት አንዱ ነበርኩ። በደንብ የሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ዕቃ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው በደቂቃ ሲገኝ አይቻለሁ። ሴቶች ኦፕሬተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲያስረዱ አይቻለሁ። ያን ቀን አልረሳውም።

የሞተባቸውንም ቦታዎች አይቻለሁ። አሟሟቱ አንድ ዓይነት ነው። አምስቱ «ማ»ዎች (የሥራ ቦታን በሥርዓት የመያዝ የካይዘን ደንቦች) ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሰሌዳው እንግዳ ሲመጣ ይታደሳል። ከዚያ ኮታ ይመጣል፦ እያንዳንዱ ቡድን በወር ይህን ያህል ሐሳብ ያምጣ። ሰዉ ኮታውን ለመሙላት የውሸት ሐሳብ ይጽፋል። «መጥረጊያው ቀይ ይሁን» የሚል ሐሳብ በዓይኔ አንብቤያለሁ። በኮታ የመጣ ሐሳብ ሲበዛ እውነተኛውን የሚለይ ይጠፋል፣ መልስም ይቀራል።

ስለ ሽልማት አንድ ቃል። ለትልቁ ሐሳብ ትልቅ ገንዘብ ከመስጠት፣ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ፈጣን መልስ መስጠት ይበልጣል። ትልቅ ሽልማት ሲኖር ሐሳቡ የማን ነው የሚል ጠብ ይነሳል። በዚህ ጠብ የፈረሰ ቡድን አውቃለሁ። ሐሳቡን ያመጣው ልጅ ራሱ እንዲሠራው ጊዜና ዕቃ መስጠት ግን ሁሌም ይሠራል። በራሱ እጅ የተከለውን ነገር ማንም እንዲያበላሽበት አይፈቅድም።

የቃሊቲዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ይቅርታ ጠፋሁ። ስሠራ ነበር። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ ቆጠርኩ። በሁለት ዓመት 61 ማስጠንቀቂያ፣ 4 ምስጋና። ከአራቱ ምስጋናዎች ሦስቱ ለቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ አየው። ስለ ማነቃቂያ ንግግሩ ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ከዚያ የልጁን ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ሻርነው። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት ሁለቱም ፈረቃ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። «አልጠየቅኩህም፣ ሳልጠይቅህ ፈረምኩ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ምንም አላለም፤ ራሱን ነቀነቀ።

ለፈረቃ ሦስት፦ የደመወዝ ጥያቄ በሁለት የሥራ ቀን መልስ እንዲያገኝ ወስነናል። ያለፉትን ሦስት ወራት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ከፋይናንስ ጋር እንደገና ሠራነው። የ19 ሰው ስህተት አገኘን። ሁሉም ለነሱ ጎድሎ የተከፈለ ነው። ተከፍሏቸዋል። አንቺ ባትጽፊ ኖሮ አላየውም ነበር።

ደብተሩን በስድስት ማሽኖች ላይ አሰርን። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልጻፈም። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት አንድ መስመር ተጻፈ፦ «3 ቁጥር ዘይት ያንጠባጥባል።» የጻፈው ያ ልጅ ነው። በዚያው ቀን ጋስኬቱ ተቀየረ፤ ሦስተኛው ዓምድ ተሞላ። ዛሬ ድረስ 23 መስመር ተጽፏል። 16ቱ ተሠርተዋል። 4ቱ ለምን እንደማይሆኑ ተጽፎ ተፈርሟል። 3ቱ ዕቃ ይጠብቃሉ።

አሁን አዲስ ችግር መጣብኝ። ከፎርማኖቹ አንዱ ደብተሩን ጠልቶታል። «እኔን ዘለው ለቢሮ ይከሱኛል» ይላል። ትናንት አንድ ገጽ ተቀድዶ አገኘሁ። ማን እንደቀደደው አላውቅም። ልቅጣ ብል ወደ ጀመርኩበት መመለሴ ነው።

ባለመፍቻው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡35

እሰይ እህቴ! ሃያ ሦስት መስመር ቀላል አይደለም።

ፎርማኑን አትቅጪው። እሱም ከላይ ይጮህበታል። የምርት ኃላፊው በየሰዓቱ የሚጠይቀው «ስንት ጠርሙስ ወጣ?» ብቻ ነው። የተበላሸ ነገር በተጻፈ ቁጥር እሱ የተከሰሰ ይመስለዋል። እኔ ያልኩሽ ደብተር የሠራው ፎርማኑ ራሱ ስለጀመረው ነው። የናንተ ግን ከቢሮ መጣበት።

ሦስተኛውን ዓምድ ለሱ ስጪው። እሱ ይሙላው፣ እሱ ይፈርምበት። ከሱ አቅም በላይ የሆነውን ብቻ ወደ ላይ ይላክ። በወሩ መጨረሻ ስንት እንደፈታ ተቆጥሮ በሱ ምዘና ላይ ይግባ። የጻፉት እንዳይበዙ የሚፈራው ሰው፣ የፈታቸው ሲቆጠሩለት ይለወጣል። ሥራ አስኪያጁም ማሽኑ አጠገብ ድረስ ሄዶ ያመስግነው፤ ሠራተኛው እያየ።

ካይዘን ያሠለጠንኩ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

በዚህ እስማማለሁ። እኛ ኦፕሬተርና ሥራ አስኪያጅ አሠልጥነን ፎርማኑን መሃል ላይ ረሳነው። በብዙ ቦታ የተሸነፍነው እዚያ ነው። ፎርማን የሚሆነው ጥሩ ኦፕሬተር የነበረ ሰው ነው። ሰውን እንዴት እንደሚያነጋግር ማንም አስተምሮት አያውቅም። ለማነቃቂያ ንግግር የታሰበውን ገንዘብ ለሱ ሥልጠና አድርጊው።

ፈረቃ ሦስት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ስለ 19ኙ ሰዎች ሳነብ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከ23ቱ መስመር ስንቱ በሌሊት ፈረቃ የተጻፈ ነው?

የቃሊቲዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡30

አሁን ቆጠርኩት። አንድም የለም።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ሌሊቱን የጥገና ሰው የለም፤ በስልክ ነው የሚጠራው። እኛም ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሮ አንገኝም። የሌሊት ሰዎች ቢጽፉም እስከ ጠዋት ድረስ መልስ አያገኙም። ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ አላደርኩም።

ነገ ማታ ከሰርቪሱ ጋር እገባለሁ። ፎርማኑንም አብሮኝ እንዲያመሽ ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

የቃሊቲዋ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አሁን ከፈረቃ መውጣቴ ነው፤ ዓይኔ እየተጨፈነ ነው የምጽፈው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሻይ ይዘን ማሽኑ አጠገብ ቆምን። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ፎርማኑ ራሱ «እኔ ኦፕሬተር እያለሁ በዚህ ሰዓት ያስቸግረኝ የነበረው መብራቱ ነው» ብሎ ጀመረ። ከዚያ አንዷ ልጅ ቀና ብላ ከ5 ቁጥር ማሽን በላይ ያለውን አምፖል አሳየችን። ከመስከረም ጀምሮ ተቃጥሏል። በጨለማ ነው ጠርሙስ የምትመረምረው። «ለምን አልጻፍሽውም?» አላልኳትም። ደብተሩን ሰጠኋት፤ ጻፈችው። ፎርማኑ መሰላል ሊያመጣ ሄደ።